ሐዋሳ ላይ የተሠራ የራት (ትልቁ የላብራቶሪ አይጥ) ሜታቦሊክ ኬጅ፦ ሽንቱን ይይዛል፣ ትንፋሹን ግን አይይዝም

ሜታቦሊክ ኬጅ ከውጭ ማስመጣት ምን ያህል እንደሚያደክም በአገራችን የእንስሳት ላብራቶሪ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ፕሮፎርማ ይጠየቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠበቃል፤ ዕቃው ሳይመጣ ተማሪው የመመረቂያ ጊዜው ይደርስበታል። እኛ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የብረታ ብረት ቤት አሠርተን መጠቀም ከጀመርን ቆየን። ከሌላ ከተማ እየደወሉ «እውነት ይሠራል?» የሚሉኝ ስለበዙ በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ቴክኒሻን ነኝ። ኬጁን የማጥበው፣ ራቶቹን የምመዝነው፣ ሌሊት የተጠራቀመውን ሽንት ጠዋት የምቀዳው እኔ ነኝ። የምናገረውም በእጄ ነክቼ ያየሁትን ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ሜታቦሊክ ኬጅ አንድ ራት ብቻውን የሚገባበት፣ ወለሉ የሽቦ ወንፊት የሆነ፣ ከሥሩ ደግሞ ሽንቱንና ሰገራውን ለየብቻ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ለእንስሳው የሰጠነው ኬሚካል የት ገባ? በሽንት ወጣ? በሰገራ ወጣ? በትንፋሽ ተነነ? ወይስ ሰውነቱ ውስጥ ቀረ? ይህ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ የገባውና የወጣው መግጠም አለበት። ኬሚካሎች በሰውነት ውስጥ የሚሄዱበትን መንገድ ለማጥናት ዓለም የሚጠቀምበት የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) 417 መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ በ2010 ተሻሽሏል። መመሪያው ከተሰጠው መጠን 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ተገኝቶ እንዲቆጠር ይፈልጋል፤ ሽንትና ሰገራ መሰብሰቡም ይህን ያህሉ እስኪወጣ ወይም እስከ 7 ቀን ይቀጥላል። ከሽንቱ ሩቡ ወንፊት ላይ ደርቆ የሚቀርበት ኬጅ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ማሽን የፈለገውን ያህል ዘመናዊ ቢሆን ቁጥሩ አይታመንም። ስለዚህ ኬጅን የምገመግመው በመልኩ አይደለም፣ በሚያባክነው ነው።

ሥራውን የሰጠናቸው ሰው ለሆቴሎች የኩሽና ሲንክና ጠረጴዛ የሚሠሩ የስቴንለስ ባለሙያ ናቸው። ሥዕሉን ይዤ ስሄድ ግራ ገብቷቸው፣ «እህቴ፣ ምን ልታረቢበት ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የማረባበት አይደለም፤ ሽንት የምሰበስብበት ነው» ስላቸው ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፦ «አንድ ጠብታ እንኳ መቅረት የለበትም ማለት ነው?» ነገሩ የገባቸው እዚያው ላይ ነው። የመለኪያውን ነገር ለሚያውቅ ባለሙያ ማስረዳት አይከብድም፤ ውሃ የማያስቀር ሲንክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራቸው ግን አላረካኝም። ከወለሉ በታች ያለው ፈነል ተዳፋቱ ለስላሳ ነበር፤ ግድግዳው ዘንበል ብሎ ይሄዳል እንጂ ቁልቁል አይወርድም። የአንድ ራት ሽንት እኮ ትንሽ ነው፤ 250 ግራም የሚመዝን ራት በቀን የሚሸናው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ እሱንም በአንዴ አይሸናውም፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ጠብታዋ ላሜራው ላይ አርፋ ለመውረድ ክብደት ካነሳት እዚያው ትደርቃለች። በሐዋሳ የበጋ ከሰዓት ደግሞ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅባትም። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ በስሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረግሁ በወንፊቱ ላይ ሳወርድ ከታች ያገኘሁት 7 ገደማ ነበር። ብየዳው ያለፈበት መስመርም ሻካራ ስለነበር የምግብ ብናኝና የሰገራ ፍርፋሪ እየያዘ ያስቀራል።

መልሼ ወሰድኩት። ባለሙያው አልተከራከሩኝም። ፈነሉን ፈትተው ግድግዳውን ወደ 60 ዲግሪ አቁመው ሠሩት፤ ብየዳውን አርገን በሚባለው ጋዝ ደግመው፣ በግራይንደር አልስልሰው፣ መስታወት እስኪመስል ወለወሉት። በዚያው ፈተና አሁን ከ10 ሚሊ ሊትር 9.6 አገኛለሁ። ቀሪውንም ወንፊቱንና ፈነሉን በትንሽ የተጣራ ውሃ አጥቤ ለብቻው እይዘዋለሁ፤ የኬጅ እጣቢ የምንለው እሱ ነው፤ ከሽንቱ ጋር ሳይቀላቀል ተለክቶ ሂሳቡ ላይ ይደመራል።

ከሁሉ የምወደው ክፍል ግን መለያው ነው። ከፈነሉ አፍ ሥር አንዲት ትንሽ ክብ ታች ያላት የመስታወት ፍላስክ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ቆማለች። የሽንት ጠብታ ከፈነሉ ጫፍ ስትደርስ አትዘልም፤ በመስታወቱ ሆድ ላይ ትዘረጋና ክቡን ተከትላ፣ አቅፋው ወርዳ፣ ሥሩ ካለችው ጠባብ አንገት ላይ ሄዳ ቲዩቡ ውስጥ ትገባለች። የሰገራው ፍሬ ግን ደረቅና ጠንካራ ስለሆነ ሆዷ ላይ ሲያርፍ ነጥሮ በጎን ወዳለው የሽቦ ቅርጫት ይንከባለላል። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ፤ የሚሠራው የፈሳሽና የደረቅ ነገር ጠባይ ስለሚለያይ ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መስታወቷ ፍጹም ንጹሕ መሆን አለባት። የጣት ቅባት ከነካት ሽንቱ መዘርጋቱን ትቶ ኳስ እየሆነ ወደ ጎን ይዘላል፤ ቅርጫቱ ይረጥባል፤ ሰገራውም ሽንት ይጠጣል። ስለዚህ በጓንት እንጂ በባዶ እጅ አልነካትም።

አሁን ወደ ዋናው ልሂድ፤ ኬጁ በሥራ ላይ ምን ያሳያል የሚለው። የሞከርነው በቶሉይን ነው። ቶሉይን ቲነር ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ፈሳሾች አንዱ ነው፤ የቤት ዕቃ የሚቀቡ፣ መኪና የሚረጩ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት። ለራቱ በበቆሎ ዘይት ተበጥብጦ በአፍ በኩል ሆዱ ድረስ በምትደርስ ጫፏ ድቡልቡል በሆነች መርፌ ይሰጠዋል። ቶሉይን ስብ ይወዳል እንጂ ውሃ ላይ እምብዛም አይሟሟም፤ ኩላሊት አጣርቶ ልጣልህ ቢለውም ተመልሶ ወደ ደም ይሰርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ መለወጥ አለበት። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ኢ1 የሚባል ኢንዛይም በሜቲል ጫፉ ላይ ኦክስጅን ያስገባበትና ቤንዚል አልኮል ያደርገዋል። ሌሎች ኢንዛይሞች ተቀብለው ቤንዛልዲሃይድ፣ ከዚያም ቤንዞይክ አሲድ ያደርጉታል። በመጨረሻ በማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ውስጥ ግላይሲን ከሚባለው ትንሽ አሚኖ አሲድ ጋር ተጣምሮ ሂፑሪክ አሲድ ይሆናል። ይሄኛው ውሃ ላይ ይሟሟል፤ ኩላሊትም ዝም ብሎ ማጣራት ብቻ አይደለም፣ ከደም እየለቀመ ወደ ሽንት ይገፋዋል። አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ሽንት ውስጥ የሚገኘው ለዚህ ነው። እኛም በኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን ለያይቶ በሚለካ ማሽን) ስናየው ይህንኑ መልክ ነው ያገኘነው፤ ከመሰጠቱ በፊት በተያዘው ሽንት ዝቅ ያለ፣ በመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለ፣ ቀጥሎ ወደ ነበረበት የሚመለስ ጉብታ።

ይህ የኬሚካል ለውጥ የቆየ ታሪክ አለው። ሂፑሪክ አሲድን ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1829 ከፈረስ ሽንት ለይቶ አውጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ደግሞ በሌላው ጀርመናዊ ኬሚስት በቮለር ላብራቶሪ የነበረው ኬለር ራሱ ቤንዞይክ አሲድ ውጦ ከገዛ ሽንቱ ሂፑሪክ አሲድ አገኘ። ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር እንዳለ ብቻ አያወጣም፣ ከራሱ የሆነ ነገር ጨምሮበት ሌላ አድርጎ ያወጣል የሚለው ሐሳብ መሠረት ከያዘባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

የኬጁ በረዶ መያዣ እዚህ ላይ ነው ዋጋውን ያሳየኝ። በሥዕሉ ላይ በቲዩቡ ዙሪያ ባለ ሁለት ግድግዳ ኮሮጆ አስጨምሬ ነበር፤ በረዶ ይሞላበታል። ሽንት በክፍሉ ሙቀት ሲያድር ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ሂፑሪክ አሲድን መልሰው ወደ ቤንዞይክ አሲድና ግላይሲን የሚሰነጥቁ ባክቴሪያዎች አሉ። ጉበት የገጠመውን ቲዩብ ውስጥ ይፈቱታል ማለት ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የሚሠራ ሰው ለማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ዕቃ ቢያሠራ ይጠቀማል። በረዶው ማታ ተሞልቶ ጠዋት ድረስ አይዘልቅም፤ ሌሊት አንዴ መቀየር አለበት፣ ለተረኛው ከባድ ነው። ግድግዳው መሐል ፎም ቢገባበት ይሻላል፤ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ነግሬያቸዋለሁ።

የምግብ ሳጥኑ ደግሞ ደካማው ጎኑ ነው። ራት ሲበላ ይፈረፍራል። ሳጥኑ ከኬጁ ጎን በጠባብ መግቢያ ተለይቶ ቢሠራም ብናኙ በፀጉሩ ተይዞ እየመጣ ፈነል ውስጥ ይገባል። ሂፑሪክ አሲድ ለሚለካ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምግብ ራሱ፣ በተለይ የዕፅዋት ፌኖሎች፣ በአንጀት ባክቴሪያ ተሰባብረው ቤንዞይክ አሲድ ይሰጣሉ፤ ጉበት ያንኑ ሂፑሪክ አሲድ ያደርገዋል። ቶሉይን ያልቀመሰ ራትም ሂፑሪክ አሲድ የሚሸናው በዚህ ምክንያት ነው። ምግቡን ከመፍጨት ይልቅ በጠንካራ ፍሬ መልክ መስጠት ብናኙን በጣም ይቀንሳል። ኬሚካሉ ከመሰጠቱ በፊት የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት ይዞ መነሻ ቁጥር ማወቅም ግዴታ ነው።

ሰውም እንደዚሁ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ መጨረሻው ከፊሉ ሂፑሪክ አሲድ ነው። ለለስላሳ መጠጥ መጠበቂያ የሚጨመረው ቤንዞኤትም እንዲሁ። ሲዳማ ምድር ላይ፣ በቀን ሦስቴ ቡና በሚጠጣበት ቤት፣ የቀለም ሠራተኛን ሽንት ወስዶ «ሂፑሪክ አሲዱ ከፍ ብሏል፣ ቲነር ተነፍሷል» ማለት አይቻልም። ተጋላጭነቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ኦ-ክሬዞል የተባለውን ሌላውን የቶሉይን ውጤት መለካት ይሻላል፤ መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ከቡና አይመጣም። ይህን ሁሉ የማነሳው ሥራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወንድሜ የቤት ዕቃ ቀለም ቀቢ ነው። መንገድ ዳር ቁም ሣጥን አቁሞ ቫርኒሽ ይረጫል፤ አፉን በሻርፕ ይሸፍናል። ማታ ግማሽ ሊትር ወተት ይጠጣል። «ወተት ያረክሰዋል» ብለው ያስተማሩት አለቆቹ ናቸው፤ አሠሪዎች በደመወዝ ላይ የሚጨምሩት «የወተት» የሚሉት ገንዘብ አላቸው። እኔ ግን ለእሱም ለጓደኞቹም ደጋግሜ የምናገረው ይሄ ነው፦ ቶሉይን በሳንባ ገብቶ በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ሆድ ውስጥ ያለ ወተት አያገኘውም። የሚለውጠው ጉበት ነው፣ የሚያወጣው ኩላሊትና ሳንባ ነው። ወተቱ ጥሩ ምግብ ነው፣ ይጠጣ። የሚያድነው ግን የኬሚካል ትነት የሚይዝ ባለ ካርቦን ማስክና ነፋስ ያለበት ቦታ ነው። ሻርፕ አቧራ እንጂ ትነት አይከለክልም።

«መርዝ ጉበት ያረክሰዋል» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በአንዳንድ የጫማ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ሄክሴን ጉበት ሲነካው 2,5-ሄክሴንዳዮን ይሆናል፤ የእጅና የእግር ነርቭ የሚጎዳው እንግዲህ ይሄ የተለወጠው ነው። ሽንት ውስጥ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ከውጭ ከሚመጡት ኬጆች ብዙዎቹ ፖሊካርቦኔት የተባለ ጠንካራ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ናቸው። ያምራሉ፣ ራቱ ከውጭ ይታያል። እኛ ስቴንለስ የመረጥነው በዋጋ ተገደን ነው፤ ሆኖም የሚያስደስት ጥቅም አገኘንበት። ፖሊካርቦኔት የሚሠራው ከቢስፌኖል ኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ፓትሪሺያ ሃንት የተባሉት ተመራማሪ የአይጦች እንቁላል ላይ ሲሠሩ፣ ምንም ያልተሰጣቸው የማነጻጸሪያ አይጦች እንቁላል ክሮሞሶም በድንገት ይዛባባቸው ጀመር። ምክንያቱ ሲጠና ኬጆቹና የውሃ ጠርሙሶቹ ለወለል ማጽጃ በሚሆን ኃይለኛ ሳሙና ታጥበው ፕላስቲኩ ተጎድቶ ቢስፌኖል ኤ እየለቀቀ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ቤቱ ራሱ መርዝ ጨማሪ ሆነ ማለት ነው። በየሱቁ የሚሸጠውን ማጽጃ ሁሉ ለላብራቶሪ ዕቃ የምንጠቀም ሰዎች ይህን ታሪክ ልብ ብንለው ደግ ነው። ስቴንለስ በበረኪና ካልተነከረ በቀር (ክሎሪን ይበላዋል) በለስላሳ ሳሙናና በሞቀ ውሃ በደንብ ይጸዳል፤ የውሃ ጠርሙሶቻችንም መስታወት ናቸው።

ቢስፌኖል ኤን ካነሳሁ አይቀር፣ የሰገራ ቅርጫቱ ለምን ከሽንት ቲዩቡ እኩል እንደሚከበር በእሱ ማስረዳት ይቀለኛል። ጉበት ቢስፌኖል ኤን ግሉኩሮኒክ አሲድ ከሚባል ከስኳር ከተሠራ ነገር ጋር ያጣምረዋል። የጥምሩ ሞለኪውላዊ ክብደት 404 ነው። ሰውነት እንዲህ ያለውን ጥምር በሐሞት ወደ አንጀት ወይም በኩላሊት ወደ ሽንት ሊልከው ይችላል፤ የሚወስነው በአብዛኛው ክብደቱ ነው፣ ወሰኑም ከእንስሳ እንስሳ ይለያል። ለራት ከ325 አካባቢ በላይ የሆነው በሐሞት መውጣት ይጀምራል፤ ለሰው ግን ወሰኑ 500 አካባቢ ነው። 404 በሁለቱ መሐል ወደቀ። ስለዚህ ራቱ በሐሞት ወደ አንጀቱ ያፈሰዋል። አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ጥምሩን ይፈታዋል፤ ከፊሉ እንደገና ተመጦ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ ብዙው በመጨረሻ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሰው ግን በሽንቱ በፍጥነት ይጥለዋል። በራት ላይ ሽንቱን ብቻ ሰብስቦ «ብዙው አልወጣም፣ ሰውነት ውስጥ ቀርቷል» ያለ ተማሪ በጣም ይሳሳታል፤ ዕቃው ከኋላው ቅርጫት ውስጥ ነው ያለው። ራት የሐሞት ከረጢትም የለውም፣ ሐሞቱ እየጠበቀ አይለቀቅም፣ ቀኑን ሙሉ ይፈሳል።

ወንፊቱ የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው። ራት የገዛ ሰገራውን ይበላል፤ ቫይታሚን የሚያገኝበት ጠባዩ ነው፣ በሽታ አይደለም። ኬሚካል በሚጠናበት ጊዜ ግን የወጣው ተመልሶ ይገባል፣ ሂሳቡም ይበላሻል። በእኛ ኬጅ ፍሬው ወዲያው በወንፊቱ ሾልኮ ስለሚወድቅ አብዛኛው ይድናል። ገና ሲወጣ አጎንብሶ የሚቀበለውን ግን ምንም ወንፊት አያስቆመውም።

የማይችላቸውን ነገሮች ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። ኬጁ አየር አይዘጋም፤ አየሩ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ሰው ከተነፈሰው ቶሉይን እስከ አምስተኛው እጅ የሚሆነው ሳይለወጥ በትንፋሽ ተመልሶ ይወጣል፤ ራቱም የድርሻውን ይተነፍሳል። ይህን የሚይዘው ዙሪያውን የተዘጋ የመስታወት ኬጅ ነው፤ አየሩ በፓምፕ እየተሳበ በካርቦንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚይዝ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ኬጅ ላይ በሚተን ኬሚካል 90 በመቶ አገኘሁ የሚል ሰው ካለ ቁጥሩን ደግሞ ይየው። «በሽንትና በሰገራ የተገኘ» ብሎ መጻፍ ታማኝነት ነው፣ እኛም እንደዚያ ነው የምንጽፈው።

ሁለተኛው ክሮሚየም ነው። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች አካባቢ ውሃ ላይ ከሚሠሩ ሰዎች «ኬጁ ለክሮሚየም ጥናት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል፤ መልሴ አይሆንም ነው። 304 የሚባለው ስቴንለስ ከክብደቱ 18 በመቶ ያህሉ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ያህሉ ኒኬል ነው። ሽንት ጨው አለው፣ ብየዳው ያለፈበት ቦታ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይጠቃል። በማይክሮግራም የሚቆጠር ክሮሚየም ፍለጋ ላይ ያለ ሰው የራቱን ይሁን የኬጁን መለየት አይችልም። ለብረት ነክ ጥናት ፕላስቲክ ወይም መስታወት ነው የሚሻለው።

እንደ ዲዲቲ ያለ ስብ ውስጥ የሚተኛ ኬሚካልም ኬጁ ብቻውን አይፈታውም። በወባ ርጭት ዘመን አዳሚ ቱሉ ላይ ሲዘጋጅ የኖረው ዲዲቲ ራት ውስጥ ሲገባ በሽንት የሚወጣው ዲዲኤ ወደሚባል ነገር ተለውጦ፣ በዝግታና በጥቂቱ ነው፤ ዋናው ስብ ውስጥ ይከማቻል። እዚያ ላይ ከጥናቱ በኋላ ስቡ ራሱ መመርመር አለበት።

ስለ እንስሳቱ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ራት ማኅበራዊ እንስሳ ነው፤ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ በሽቦ ላይ መቆም ያስጨንቀዋል፤ የተጨነቀ ራት ምግቡን ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይወርዳል፤ ሳይንሱም አብሮ ይጎዳል። ባለሙያው መጀመሪያ የሠሩት ወለል ሽቦው ቀጭን፣ ክፍተቱ ሰፊ ነበር፤ የአንዷ ሴት ራት የኋላ እግር ጣቶች ሲሾልኩ አይቼ በወፍራምና ክብ ሽቦ አስቀየርኩት። አሁን እግራቸው ያርፋል። ከመጀመሩ በፊት ኬጁን እንዲለምዱት ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሜ አስገባቸዋለሁ፤ ኬጆቹን ጎን ለጎን አድርጌ እንዲሸታተቱ አደርጋለሁ፤ ጠዋት ሽንቱን ከመቅዳቴ በፊት ክብደታቸውን አያለሁ። ሽንትና ሰገራ መሰብሰቡ ሲያልቅ በዚያው ዕለት ወደ ጋራ ቤታቸው፣ ወደ ጭዳቸው ይመለሳሉ። ኬጁ በጎኑ መስኮት ቢኖረው ጥሩ ነበር፤ ላሜራው ድፍን ስለሆነ ራቱ ያለበትን ሁኔታ ለማየት ከላይ መክፈት ግድ ነው፣ መክፈት ደግሞ ያስደነግጠዋል። በቀጣዩ ትእዛዝ አንዱ ግድግዳ መስታወት እንዲሆን ተስማምተናል።

ዋጋው ለአንዱ 16 ሺህ ብር ነው የከፈልነው፤ ፈነሉን እንደገና የሠሩበትን አላስከፈሉንም። የላሜራ ዋጋ ስለሚዋዥቅ እናንተ ዘንድ ሊለይ ይችላል። ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ፤ በበዓል ሰሞን የሆቴል ሥራ ስለሚበዛባቸው የእኛን ወደ ኋላ ገፍተውት ነበር፣ ለአጭር ቀነ ገደብ አትተማመኑ። ለሚሟሟና ለማይተን ኬሚካል፣ ለሽንትና ለሰገራ ጥናት ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለሚተን ኬሚካል ሙሉ ሂሳብ ግን አልመክረውም።

ልታሠሩ የምታስቡ፣ ለባለሙያው ሥዕል ብቻ ሰጥታችሁ አትምጡ። የፈነሉ ተዳፋት 60 ዲግሪ እንዲሆን፣ ብየዳው በአርገን ሆኖ ከውስጥ በኩል እንዲለሰልስ፣ የወለሉ ሽቦ ክብና ወፍራም እንዲሆን በጽሑፍ አስፍሩ። ላሜራውን ስትመርጡ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ማግኔት የሚስበው ርካሹ 430 ነው፣ በቶሎ ይዝጋል። 201 የሚባለውም ማግኔት አይስበውም፣ ስለዚህ 304 የሚለውን የላሜራውን ደረሰኝ ጠይቁ። ስትረከቡ ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ በስሪንጅ አውርዱበትና ከታች የወጣውን ለኩ፤ ከ9.5 በታች ከሆነ ቀሪውን ክፍያ ሳትከፍሉ መልሱት።